ሁለቴ የነጠረች ኳስ

በቪላ ኦርቲስ ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የፓዴል ሜዳው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ለከተማው እንግዳ ነው። የዛኖቲ ወንድማማቾች ነው። ታላቁ ዴልሞ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ታናሹ ኤቫሪስቶ ትራክተር ይጠግናል። ሁለቱም ስድሳን ተሻግረዋል። በአንድ ወገን ሆነው ይጫወታሉ፤ ዴልሞ በግራ፣ ኤቫሪስቶ በቀኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም።

አይነጋገሩም ሲባል ግን ጨርሶ አይደለም። ሜዳ ውስጥ ይነጋገራሉ። ኳሷ በመሃላቸው ስትመጣ «የኔ!» ይላል ዴልሞ። «ያንተ!» ይላል ኤቫሪስቶ። «ተዋት!»፣ «ውጪ ናት!»፣ «ወደ መረቡ!» ይባባላሉ። ፓዴል በግድግዳ በታጠረ ሜዳ ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት የራኬት ጨዋታ ስለሆነ አጋሩን የማያናግር ሰው ወይ ራኬት ለራኬት ይጋጫል፣ ወይ ኳሷ ስታልፍ ቆሞ ያያታል። ስለዚህ ለጨዋታው የግድ የሆኑትን ጥቂት ቃላት ብቻ ይዘው፣ የቀረውን ወሬ ከብረት በሩ ውጪ ጥለውት ይገባሉ። ሲወጡም አያነሱትም።

ከተማው መጀመሪያ አዘነላቸው፤ ቀጥሎ አሾፈባቸው፤ በኋላ ለመደው። የወተት መኪና የሚነዳው ፒሮ ከፋርማሲስቱ ከኖርቤርቶ ጋር ሆኖ በየሐሙሱ ይገጥማቸዋል። «እኔና ባለቤቴ በሳምንት ይህን ያህል ብንነጋገር የት በደረስን» ይላቸው ነበር። ዴልሞ ይስቃል፤ ኤቫሪስቶም ይስቃል፤ ግን አይተያዩም።

ሌላ አጋር ለምን አልፈለጉም የሚል ሰው የኢርማን ሕግ አያውቅም ማለት ነው። ኢርማ ክለቡንና የክለቡን ቡና ቤት እንደ ራሷ ጓዳ የምታስተዳድር ሴት ናት። መጫወት የፈለገ ዓርብ ጠዋት በዋትስአፕ ይጽፍላታል፤ ቀድሞ የጻፈ ቀድሞ ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይጫወታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ኳሷ አየር ላይ ብትሆንም መብራቱን ድርግም ታደርግበታለች። ቋሚ ሰዓት ያላቸው ሰዎች ግን መጻፍ አያስፈልጋቸውም። ሰዓቱ የነሱ ነው፤ አራት ሆነው መምጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። አንዱ ከቀረ ምትክ ማስገባት ግዴታቸው ነው። ሁለት ሳምንት አከታትለው ከጎደሉ ሰዓቱ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ቡድን ይሰጣል። ልመና አይሠራም፤ እንባም አይሠራም። የገዛ ወንድሟን የማክሰኞ ሰዓት ነጥቃዋለች።

በዚህ ሕግ ሐሙስን ትቶ የሄደ ተሸናፊ ነው። ከሁለቱ ዛኖቲዎች ተሸናፊ መባል የሚፈልግ አልነበረም፤ እናም ዝናብ ይዝነብ ውርጭ ይውረድ እልህ እየጎተተ ያመጣቸው ነበር። ኤቫሪስቶን ግን ከጊዜ በኋላ የሚያመጣው እልህ ብቻ አልነበረም። ወንድሙ «ያንተ!» ሲለው ለመስማት ነበር የሚመጣው። ይህንን ለሚስቱ እንኳ ተንፍሶ አያውቅም።

ሜዳውን የሠሩት እነሱው ናቸው። ወጣት ሳሉ አገሩ ሁሉ በፓዴል አብዶ ነበር፤ ባዶ ቦታ ያለው ሰው ሁሉ አራት ግድግዳ ያቆም ነበር። አባታቸው ሽማግሌው ዛኖቲ ግንበኛ ስለነበር ክለቡ ሥራውን ለእሱ ሰጠው፣ ልጆቹ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክተው ግድግዳውን አቆሙት። ዛሬ በትልልቁ ከተማ ግድግዳው መስታወት ነው። የቪላ ኦርቲስ ሜዳ ግን አሁንም ያው ሲሚንቶ ነው። በኋለኛው ግድግዳ በግራ ጥግ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ዴልሞ ሲለስን ሲሚንቶው ደርቆበት ያበጠ ቦታ አለ። ሰዉ «የዴልሞ ሆድ» ይለዋል። ኳስ እሱን ከነካች ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። አንዳንዴ ሽቅብ ትዘላለች፤ አንዳንዴ እዚያው ሞታ ትወድቃለች።

የፓዴል ሕግ ለልጅም ይገባል። ሰርቭ የሚያደርገው፣ ማለትም ኳሷን የሚያስጀምረው ሰው ኳሷን መሬት አንጥሮ ከወገቡ በታች በሰያፍ ይመታታል። ኳሷ ወዳንተ ስትመጣ መጀመሪያ መሬት መንካት አለባት፤ በቀጥታ ግድግዳህን ከመታች የመታት ሰው ከሰረ። መሬት ነጥራ ግድግዳ ከነካች ግን ገና በሕይወት አለች፤ ተመልሳ እስክትመጣ ጠብቀህ ትመታታለህ። ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው። ዳግመኛ መሬት ከነካች ብቻ ነው የሚያበቃላት። ዳኛ የለም። ሁለቴ ነጥራለች ብሎ የሚናገረው እዚያው አጠገቧ የነበረው ሰው ነው፤ ዋንጫም ቢሆን እንደዚያው ነው። አይቶ ዝም ያለ ሰው ስሙ በየቡና ቤቱ ሲነሳ ይኖራል።

ወንድማማቾቹን የለያያቸው የከተማው ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። አባታቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ራሱ በገነባው ግድግዳ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ያያቸው ነበር። ያንን ክረምት እንደማይዘልቅ እሱም ያውቃል፤ ልጆቹም ያውቃሉ። «ያችን ዋንጫ ኮመዲኖዬ ላይ አስቀምጡልኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ» ይላቸው ነበር። ተጋጣሚዎቹ ከጎረቤት ከተማ የመጡ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። በመጨረሻው ዙር፣ ጌም በሚሉት፣ ነጥቡ አርባ እኩል ሆነ። በክለቡ ደንብ አርባ እኩል ሲሆኑ አንድ ኳስ ብቻ ነው የሚጫወቱት፤ እሷን ያሸነፈ ሁሉንም ወሰደ።

ያቺ ኳስ መጥታ መጥታ የዴልሞን ሆድ ነካችና ሞታ ወደቀች። ዴልሞ በደረቱ ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ፤ ጫር አድርጎ በመረቡ ላይ አሳለፋት። ከጎረምሶቹ የደረሰባት አልነበረም። ሜዳው በጩኸት ተናጋ፣ ሽማግሌው ዛኖቲ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ። በዚያ ጩኸት መሃል ኤቫሪስቶ እጁን አነሳ።

«ሁለቴ ነው» አለ።

«ምን?» አለ ዴልሞ፣ ገና ከመሬት ሳይነሳ።

«ሁለቴ ነጥራለች። አይቻታለሁ።»

«ግድግዳውን ነው የነካችው! ሆዱን! አንተ ሰው ምን ነካህ?»

«ግድግዳውንም ነክታለች። ከዚያ ደግሞ መሬት።»

ዴልሞ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ዳኛ ነህ ወይስ ወንድሜ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሁለቴ ነው» አለ ኤቫሪስቶ።

ከዚያ ወዲያ ከሜዳ ውጪ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ዋንጫው ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደ። ሽማግሌው በዚያው ወር ሞተ፤ ልጆቹም አንዱ ከራስጌ አንዱ ከግርጌ ሆነው ሬሳ ሳጥኑን ተሸከሙ። ክፋቱ ኳሷ በእውነት ሁለቴ ነጥራለች። ኤቫሪስቶ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት በቀለለው! ያልተሳሳተ ሰው ግን ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? ይህች ጥያቄ ናት ስታበላሸው የኖረችው። ኤቫሪስቶ ጋራዥ ውስጥ የተረፈችን ብሎን ለባለቤቷ ለመመለስ እርሻ ድረስ የሚነዳ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከተማው ያከብረዋል፤ አጠገቡ መኖር ግን ለማንም አይመኝም።

ከጨዋታ በኋላ አራቱም የኢርማ ቡና ቤት ይቀመጣሉ። ማቴ የሚባለው የቅጠል ሻይ በዚያ አገር ከአንድ ቅል፣ በአንድ የብረት ቀሰም፣ ከእጅ እጅ እየዞረ የሚጠጣ ነገር ነው፤ አልጠጣም ማለት ሰውየውን ተጸየፍኩት ማለት ነው። ለሐሙስ ቡድን ግን ኢርማ ሁለት ቅል ታቀርባለች። አንዱ ከፒሮ ወደ ዴልሞ፣ ሌላው ከኖርቤርቶ ወደ ኤቫሪስቶ ይዞራል። አዲስ ሰው አይቶ ሲገረም «ዝም በል፣ አመመህ?» ትለዋለች።

ባለፈው የአኩሪ አተር አጨዳ ሰሞን የዴልሞ ልጅ ሲልቪና ወደ ኤቫሪስቶ ጋራዥ መጣች። ዳቦ ቤቱን አሁን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ዱቄት የነካውን እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች ትራክተሩ ሥር ለተኛው አጎቷ ተናገረች።

«አጎቴ፣ ውጣ እስቲ። አባዬን ሳንባውን አሞታል። ሐኪሞቹ ገናን አያይም ብለውናል።»

ኤቫሪስቶ ከሥር አልወጣም። «መጫወቱን አልከለከሉትም?» አለ።

«ከልክለውታል። ሐሙስን ከነካችሁብኝ እዚሁ እሞትላችኋለሁ አለን። አጎቴ፣ አናግረው።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ስለ ዝናቡ! ስለ ናፍጣ ዋጋ! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እናንተ ሰዎች ከምን ድንጋይ ነው የተጠረባችሁት?»

እግሩን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋው ሄደች። ኤቫሪስቶ እዚያው ተኝቶ ቀረ። ልቡ ፈራ። ዴልሞ ሊሞት ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ኩርፊያው ማለቂያ ያለው ነገር መሆኑ ያን ዕለት ነው የገባው። ንግግር እንደማይሆንለት ያውቃል፤ አፉ ይተሳሰራል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረ፦ ሐሙስ ከጨዋታ በኋላ ከዴልሞ ጎን ይቀመጥና እጁን ይዘረጋል። ከዴልሞ ቅል ይጠጣል። ከዚያ በላይ ምን መናገር ያስፈልጋል?

ማድረግ ግን ቀላል አልሆነም። አንድ ሐሙስ ዴልሞ እያሳለው ቶሎ ሄደበት። ሌላ ሐሙስ ወንበሩ ተይዞ አገኘው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅሉ እዚያው ፊቱ ነበረ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል፤ የቆየ ኩርፊያ ውስጥ የመጀመሪያዋ እርምጃ ጉልበት ትፈልጋለች።

ክረምቱ ገባ፤ ሜዳው ላይ ጭጋግ ይተኛ ጀመር። ዴልሞ ልብሱ ሰፍቶታል፤ መሮጥ ትቶ ቆሞ ይመልሳል። ፒሮና ኖርቤርቶ ሳያስነቁ ኳሷን እያለሰለሱ ወደ እሱ ይልካሉ።

«ኖርቤርቶ» አለው ዴልሞ፣ «ኳስ ነው የምትልክልኝ ወይስ የሳል ሽሮፕ?»

«ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ነው» አለ ኖርቤርቶ።

ሳቁ። ኤቫሪስቶም ሳቀና ዞር ሲል ከወንድሙ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ዴልሞ ዓይኑን አልሰበረም። ዛሬ ነው አለ ኤቫሪስቶ በልቡ። ዛሬ ከቅሉ እጠጣለሁ።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ጌም አርባ እኩል ደረሰ። ኢርማ በመስኮቷ ሰዓቷን እያሳየች ነበር። አንድ ኳስ ቀረች። ፒሮ አጥብቆ መታት፤ ወደ ዴልሞ ጥግ ሄደች። ዴልሞ አንድ እርምጃ ሄዶ ትንፋሹ ከዳው። ግድግዳውን ደገፍ ብሎ «ያንተ!» ብሎ ጮኸ።

ኤቫሪስቶ ሜዳውን አቋርጦ በረረ። ኳሷ ነጠረች፤ የግድግዳውን ሆድ ነካች፤ ሞታ ወደቀች። ከዕድሜው በማይጠበቅ ቅልጥፍና ጎንበስ ብሎ አነሳትና ከመረቡ ማዶ ጣላት። ማንም አልደረሰባትም።

ጭጋጉ ስለነበረ ከማዶ በደንብ አልታየም። ኖርቤርቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጠየቀ።

«ዴልሞ፣ እግርህ ሥር ነበረች። ደህና ናት?»

ዴልሞ ግድግዳውን እንደተደገፈ ወንድሙን አየው። ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለተኛዋን ንጥረት ሁለቱም ሰምተዋታል፤ ጠብ ብላ ነበር።

«አንዴ ነው» አለ ዴልሞ። «ደህና ናት። የኛ ነው።»

ፒሮ ራኬቱን በብስጭት ጭኑ ላይ መታ። ኤቫሪስቶ ደነገጠ። ዴልሞ ለእሱ ሲል ዋሽቶ አያውቅም። እንግዲህ የኤቫሪስቶን እጅ ምን እንዳነሳው መናገር ይከብዳል፤ ልማድ ነው ማለት ይቻላል፤ ወይም ያ የማይታጠፍ ግንባሩ ነው። ብቻ እጁ ተነሳ።

«ሁለቴ ነው» አለ። «ሁለቴ ነጥራለች።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን እንዳደረገ ገባው። ሊመልሰው አልቻለም። ፒሮ እንኳ የሚቀልደው አጣ። ታማሚው ዴልሞ በሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ቆመ።

ዴልሞ ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበት። «እሺ» አለ፤ «ሁለቴ ይሁን።» ጃኬቱን ከመረቡ ምሰሶ ላይ አንስቶ በብረት በሩ ወጣ። ኢርማ መብራቱን አጠፋች። ኤቫሪስቶ እየተደናበረ ወደ ውጪ ሲወጣ የዴልሞ አሮጌ መኪና መንገድ ገብታ ነበር። ቡና ቤቱ ውስጥ ሁለቱም ቅሎች ቀርበዋል፤ አንደኛው የነካው ሳይኖር ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ዴልሞ አልመጣም። ሆስፒታል ገብቷል አሉ። ሦስት ሆነው ትንሽ ቁጭ ብለው ተበተኑ። ኤቫሪስቶ ዓርብን ሲያመነታ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ፔርሙዙን ሙቅ ውሃ ሞላ፤ ቅሉንና የማቴውን ቅጠል በፌስታል ይዞ ሆስፒታል ሄደ። በመንገድ ላይ ሁሉ ልምምድ ያደርግ ነበር፦ «ዴልሞ፣ አንተ ቅዳ።» ይህችን ብቻ።

ሲልቪናን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኛት። ፊቷን ሲያይ ፌስታሉን ከጀርባው ደበቀው። ዴልሞ ሊነጋጋ ሲል ሞቶ ነበር።

ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «ያን ሐሙስ ቤት ሲገባ ምን አለኝ መሰለህ?» አለችው። «‹ከእሱ የጠበቅኳትን ኳስ ዛሬ እኔ ሰጠሁት፤ መልሶ ወረወረልኝ› አለኝ።»

«ተናዶብኝ ነበር?»

«አልተናደደም። ‹እሱ እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ› አለና ሾርባውን ጠጣ።»

ተናዶ ነበር ብትለው ይሻለው ነበር። እሑድ ቀበሩት። ከተማው ሁሉ ዓይኑን ኤቫሪስቶ ላይ ተክሎ እንባውን ሲጠብቅ ዋለ፤ እሱ ግን አላለቀሰም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ኢርማ ደወለችለት። ለሰው ያላደረገችውን ልታደርግለት ነበር።

«ኤቫሪስቶ፣ የዚህን ሳምንት ሐሙስ አልቆጥረውም። ባዶ ይሁን። ሰዓቱ ያንተው ነው።»

«ቁጠሪው» አላት። «ሕግ ነው። አራተኛ ሰው ፈልጊልኝ።»

«አንተ ሰው ልብ የለህም እንዴ?»

«ፈልጊልኝ አልኩሽ ኢርማ። ሐሙስን ለሌላ እንዳትሰጪብኝ።» ድምፁ ሲሰበር ሰማችውና ስልኩን ዘጋችለት። በዋትስአፕ «ሐሙስ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰው ጎድሏል፣ በግራ በኩል የሚጫወት» ብላ ጻፈች። ጋስቶን የሚባል በቅርቡ ወደ ከተማው የመጣ የከብት ሐኪም ቀድሞ መለሰ።

ጋስቶን ጨዋ ሰው ነው፤ ወሬ ያበዛል እንጂ። ሜዳ ውስጥ «የኔ!» ማለትን አያውቅም። ስለ ግድግዳው ሆድም ማንም አልነገረውም። ገና በመጀመሪያው ጌም ኖርቤርቶ የላካት ኳስ ወደ ግራ ጥግ ሄደች። ነጠረች፤ ሆዱን ነካች፤ ሞታ ወደቀች። ጋስቶን እጥፍ ብሎ ከመሬት ጠረጋትና ከመረቡ ማዶ ወረወራት። ሁለተኛዋን ንጥረት ያልሰማ አልነበረም።

«ይቅርታ» አለ ጋስቶን፣ «ሁለቴ ነበረች እንዴ? እኔ እንጃ፣ አላየኋትም።»

ፒሮና ኖርቤርቶ ምንም አልጠየቁም። ኤቫሪስቶ የሚለውን ያውቁታል፤ ፒሮ እንዲያውም ነጥቡን «የኛ» ብሎ ለሚቀጥለው ኳስ ቦታውን ይዞ ነበር። ኤቫሪስቶ ግድግዳውን አየ። ያን ያበጠ ቦታ አየው፤ ወንድሙ ለመደገፍ እጁን ያሳረፈበትን ቦታም አየው። እጁን አላነሳም።

«አንዴ ነው» አለ።

ፒሮ ዞሮ አየው። ኖርቤርቶም አየው። ኖርቤርቶ ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሳና ነጥቡን ለዛኖቲ ወገን ቆጠረ። ጋስቶን ደስ ብሎት «አመሰግናለሁ፣ አጋር!» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ኤቫሪስቶ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሦስቱም ቆመው ጠበቁት።